ነፍስ ያለው አትሣል

ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ፣ ለዓይኔ ማረፊያ ለኡመይማ፤

አሰላሙ ዓለይኪ። ሙዘይን ይህን ደብዳቤ መንገድ ላይ እንዳይሰጥሽ፣ ጓደኛሽ ኡሙሀኒ ቤት አስቀምጦሽ ሁለቱም አጠገብሽ ሆነው እንድታነቢው አስምዬዋለሁ። እሱ ለልብስ ንግድ አንቺ ወዳለሽበት ኢስታንቡል ሲመላለስ የቱርክ ሻይ ለምዷልና አይቸኩልም፤ አንቺም አትቸኩይ። ስልክ ላይ ድምፄ ያሳብቅብኛል። ወረቀት ግን እንደ ዘይት ቀለም ነው፤ የተሳሳቱትን ጠርጎ መድገም ይቻላል።

ባለፈው በድምፅ የላክሽውን ደጋግሜ ሰማሁት። «አጎቴ፣ አባዬ አፉ ብሎኛል ወይ? ይቅር ካላለኝ እዚህ አገር እንቅልፍ አይወስደኝም» ብለሻል። ሳትሰናበችው ከሄድሽ ጀምሮ ስልኩን ባቀበልኩት ቁጥር «ቁጥር ተሳስታለች በላት» ሲል የኖረ ሰው አፉ ብሎሻል ብልሽ እንደማታምኚኝ አውቃለሁ። የሰፈሩን ልጆች ሁሉ ስዋሽ ነው የኖርኩት። ስለዚህ ማስረጃ ልኬልሻለሁ፤ ሙዘይን እንደ እንቁላል በእጁ ይዞት የመጣው ሥዕል ነው። ገና አትክፈቺው። መጀመሪያ አንብቢ።

ሸራው ከጎረቤታችን ሸማኔ የተገኘ፣ ጥለቱ የተበላሸበት ጋቢ ነው። ወጥሬ፣ ኮላ ቀብቼ፣ ነጭ ቀለም ደረብኩበት። የሣልኩት ከበራችን ፊት ያለውን ዳገት ነው፤ የቆርቆሮ በራችንም መንገዱም አሉበት። ባሕር ዛፉን በተገዛ አረንጓዴ አልነካሁትም። በዚያ የሚቀባ ሰው ባሕር ዛፍ አይቶ አያውቅም። ጥቁርና ቢጫ ሲቀላቀሉ የሚወጣው ያ የደከመው አረንጓዴ ነው የኛ ዛፍ። ወደ እንጦጦ በራቅሽ ቁጥር ነጭና ሰማያዊ ትጨምሪበታለሽ። ሩቅ ያለ ነገር ሁሉ ሰማያዊ ይመስላል፤ አንቺም ሳትመስዪ አልቀረሽም።

ከሥር በአኳራጅ ያቀጠንኩትን፣ ከላይ ዘይት የበዛበትን ቀለም ነው የደረብኩት። ይህ ከተገለበጠ ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ውስጡ ሲላወስ ይሰነጠቃል። አባትሽን አስቢ።

ዘይቱ የተልባ ነው፤ ራሴ ሄጄ ገዛሁት። ልጅ ሳለሽ ተልባ ብዬ ልኬሽ የኑግ ይዘሽ ከመጣሽ ወዲህ ሰው ማመን ትቻለሁ። ያ ሥዕል ክረምቱን ሙሉ አልደርቅ ብሎ የሰፈሩ ዝንብ ሁሉ ሰማዩ ላይ ተለጥፎ አልቀረም? የገዛው ሰውዬ ግን «ወፎቹ እንዴት ያምራሉ» ብሎ ወሰደው። አባትሽ ከሱቁ ወንበር እስኪወድቅ ሳቀ። «ሸፊ፣ ነፍስ ያለው አትሣል ብዬህ አልነበር?» አለኝ።

ያን ሕጉን ታውቂዋለሽ። «ነፍስ ያለው ከሣልክ የቂያማ ቀን ነፍስ ዝራበት ትባላለህ። አንተ ደግሞ እንኳን ነፍስ መዝራት፣ የሱሪህን ቁልፍ መስፋት አትችልም» ይለኝ ነበር። ታላቄ ነውና ታዘዝኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ዳገትና ዛፍ፣ ሰው የማያልፍበት መንገድ ስሥል ኖርኩ።

መስከረም ላይ ግማሽ አካሉን ሲመታው ንግግሩ አብሮ እንደሄደ ነግሬሻለሁ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ነው ያልነገርኩሽ። ምግብ በጉሮሮው አልወርድ አለ። እህትሽ ኢክረማ ጥጥ በውሃ እየነከረች ከንፈሩን ታረጥብለት ነበር። ሐኪሙ «ቤት ይሁን» አለን። ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ እሱም አላብራራም፣ እኛም አልጠየቅነውም።

እኔም ሸራዬን አልጋው አጠገብ አቆምኩ። የምታሾፊበት ሰው መልስ መስጠት ሲያቅተው ቤት እንዴት እንደሚከብድ አያሳይሽ። «ይህ ዛፍ እንዴት ነው፣ አለቃ?» እለዋለሁ። «ዝም ካልክ ወደኸዋል ማለት ነው» እለዋለሁ። እሱ ዓይኑን ከሥዕሉ መንገድ ላይ አያነሣም።

አንድ ጠዋት ያንቺን ድምፅ ከስልኩ አሰማሁት። «አባዬ አፉ ብሎኛል ወይ» ስትይ አፉን ከፈተ። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፤ ምራቁ ወረደ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ኢክረማ ማየት አቅቷት ወጣች።

«በቃ ተወው፣ ገብቶኛል» አልኩት።

አልተወውም። ደህናውን ግራ እጁን ዘረጋና፣ ለቆርቆሮው ዝገት ብዬ ያወጣሁት ቀይ ቀለም ውስጥ አውራ ጣቱን ነከረ። ከዚያ ባዶው መንገድ ላይ፣ ከበራችን ትንሽ ዝቅ ብሎ ተጫነው፤ ወደ ላይም ሳብ አደረገው። እጁን ሲያነሣ መንገዱ ላይ ቀይ የለበሰች ሰው ቆማለች፤ ወደ ቤት እየመጣች።

የሄድሽ ቀን ያደረግሽው ሻርፕ ቀይ ነበር። «ሳያየኝ ነው የወጣሁት» ብለሽኝ ነበር። አይቶሻል፣ ልጄ።

«ወንድሜ፣ ነፍስ ያለው ሣልክ እኮ» አልኩት። በግማሽ ፊቱ ሳቀ።

እንግዲህ በአፉ አፉ አላለሽም። በእጁ ነው ያለሽ።

ከዚያ ወዲህ ሥዕሉን በብሩሽ አልነካሁትም። አሁን ደግሞ ቦታም የለኝ፤ ቤቱ ሰው በሰው ነው፤ ግቢው ውስጥ ድንኳን አለ። ኢክረማ የአባትሽን ጋቢ አጥባ ሰቅላዋለች። አባትሽን አሁን ምንም አያመውም።

ሥዕሉን ፀሐይ ላይ አትስቀዪው። ዓመት ሳይሞላው ቫርኒሽ አትቀቢው። ቀዩን ግን በጭራሽ እንዳትነኪው። ወፍራም ስለሆነ ላዩ ቢደርቅም ውስጡ ገና እርጥብ ነው፤ ብትጫኚው የጣቱ አሻራ ይጠፋል።

አላህ ሶብሩን ይስጥሽ፤ በሰው አገር ብቻሽን አይጣልሽ። አሁን ሥዕሉን ክፈቺው። አይተሽ ስትጨርሺ ቀና በይ። ሙዘይንና ኡሙሀኒ አጠገብሽ የተቀመጡት ለዚያ ነው፤ የቀረውን እነሱ ይነግሩሻል።

የዝንቡ ሠዓሊ፣ አጎትሽ
ሸፊ