የቅኔ ቤቱ ጎመን

ይድረስ ለልጄ ለብሩክታይት፣ አቴንስ። የምትማሪውን ቃል እሱ ባለቤቱ በልብሽ ያኑርልሽ፤ የሰው አገርም ይለስልስልሽ። እኛ ደኅና ነን። ቢቸና ዝናቡ ዘግይቶ ገባ። አክስትሽ ከሞጣ መጥታ ሰንብታ ሄደች፤ ጉልበቷ አሁንም ያማታል።

የቅኔ ተማሪዎቹ ልመና ትተዋል። አዲሱ መሪጌታ «ቅኔውንም ሥራውንም አብረው ይማሩት» ብለው ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ጎመን አስተከሏቸው። አንቺ ስለ ሃይማኖትና ስለ ሥራ የምታጠኚው ነገር እዚህ በቅሏል ማለት ነው።

ሐሙስ አንዱ ተማሪ ከበር ቆመ። ውሻው እንደ ልማዱ ጮኸበት። እኔም «በእንተ ስማ ለማርያም» እስኪል ሳልጠብቅ እንጀራ ይዤ ወጣሁ።

«እማማ፣ ጎመን ይገዛሉ?» አለኝ።

ገዛሁት። እንጀራውን ግን «በልተናል፣ እግዜር ይስጥልን» ብሎ ሳይቀበለኝ ሄደ። ጎመኑ ለምለም ነው፤ የልጆቹም ፊት ወዝ አውጥቷል፣ አልዋሽም። እንጀራዬን መልሼ ከሞሶቡ ከደንኩት።

በርቺ፣ ሳትበይ አትዋዪ። የመድኃኔ ዓለም ጥላ አይለይሽ። መምህሮችሽን ግን አንድ ነገር ጠይቂልኝ፦ ተማሪው ሁሉ ሠርቶ ከበላ፣ እኔ የአባትሽን ነፍስ በማን እጅ ልዘክር?

እናትሽ ደስታነሽ