አራት ዓመቱ ነው ያልሽው ልጄ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይ? ባለቤትሽ፣ ልጅሽ፣ ግቢው ሁሉ ደህና ነው? እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ። ግን በጣም ተቀይሜሻለሁ፤ ልደብቅሽ አልችልም።

እታለም፣ ልጄን አንቺ ዘንድ ትቼ የሰው ልጅ ልጠብቅ የመጣሁት አንቺን አምኜ ነው። እዚህ ሕፃናት ማቆያው ውስጥ የተማርኩትን ሁሉ በስልክ ስነግርሽ ነበር። በዚህ ዕድሜው ፊደል አይደለም የሚያሻው፤ ውሃ ከኩባያ ወደ ኩባያ ይገልብጥ፣ የልብስ መቆንጠጫ ጣሳ ውስጥ ይክተት፣ ትራስ ላይ ይውጣ ይውረድ። ዕቃ መወርወር ካበዛ አትቆጪው፣ ኳስ ስጪውና ቅርጫት ውስጥ ይወርውር አልኩሽ። እኔም እንዲሁ ሳደርግ ነው የምውለው፤ ወደ ማታ ከልጆቹ ይልቅ የምረጥበው እኔ ነኝ። አንቺም «እንዳልሽው እያደረግሁ ነው፣ ግቢውን ባሕር አደረገው እኮ!» ስትዪኝ፣ እኔ ሞኟ ለሥራ ጓደኞቼ እየሳቅሁ አወራ ነበር።

እሑድ በቪዲዮ ስትደውሉ ልጄ ገና ሲያየኝ አንድ እጁን ደረቱ ላይ አጠፈ፣ የሌላውን ጣት ከንፈሩ ላይ አድርጎ ዝም አለ። ብጠራው፣ ብዘፍንለት፣ ወይ ፍንክች! ምን ሆኖ ነው ብል፣ ባለቤትሽ የዋህ ነውና በኩራት ዘረገፈው። ጎረቤትሽ ያለችው የልብስ ሰፊዋ ልጅ ሀሁ ስትል ሰምተሽ፣ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ያልሞላውን ልጅ «አራት ዓመቱ ነው፣ ቀጭጮ ነው እንጂ» ብለሽ ትምህርት ቤት አስገባሽው። እኔን! ያ ድንቡሽቡሽ ልጄ ቀጨጨ ተባለ? እርሳስ አልይዝም ሲል ጥግ ያቆሙታል፣ ሱሪው ላይ ሲሸና ይስቁበታል አለኝ።

ልጁ እኮ ገና ማንኪያ በወጉ አይዝም! ብታማክሪኝ እንጨቃጨቅ ነበር፣ እንታረቅም ነበር። አንቺ ግን እያሳቅሽ ዋሸሽኝ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ማለት ይሄ ነው። እኔን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያልሽ ያሳደግሽኝ አንቺ አልነበርሽም? ለእኔ ያልጠፋ ትዕግሥት ለልጄ ሲሆን የት ገባ?

እናታችንን አነጋግሬያታለሁ። የሚመጣው ወር ሲገባ መጥታ ትወስደዋለች። እስከዚያ እዚያ ትምህርት ቤት ደጃፍ እንዳታደርሺው። ልብሱንና ጫማውን አዘጋጂላት፣ አትከራከሪያት። አቅሟ እንደ አንቺ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን አትዋሸኝም።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ እውነቱን ስለነገረኝ እንዳትጣዪው። ልጅሽን አክስትሽን ናፍቀሻታል በያት። ጎረቤት ያሉትን አዛውንትም ጤና ይስጥልኝ በያቸው። ሌላ ጊዜ «ልጄን ሳሚልኝ» ብዬ ነበር የምጨርሰው። ዛሬ ተዪው፣ እናታችን ስትመጣ ትስምልኛለች።

ታናሽ እህትሽ
ከሕፃናት ማቆያው ጓዳ፣ የካቲት ፲፬ ቀን