የሊንደኑ ዛፍ ስም

ኦክቶበር 9፣ ማክሰኞ
ሰማንያ ሦስት ዓመቴ። ድንቼን ራሴ እቆፍራለሁ፤ ጥንቸሎቹን ራሴ አበላለሁ፤ ደረጃውን ሳልደገፍ እወጣለሁ። መጻፍ ብቻ ያደክመኛል... ከሰል ማዕድን ጉድጓድ ከመውረዴ በፊት የተማርኩት አራት ዓመት ነው።
ዛሬ ከሰው ጋር አላወራሁም። ዳቦ ሻጯን “አንድ” አልኳት። እሱ ይቆጠራል?

ኦክቶበር 14
የባለቤቴ የጌኖፌቫ መቃብር ሄድኩ። ካረፈች ሰባት ዓመት። የቤተሰብ ስማችንን ትርጉም ድንጋዩ ላይ ላስቀርጽ አስቤያለሁ። ፈረንሳይ ውስጥ ፖድሊፓ የምባል እኔ ብቻ ቀረሁ። አባቴ “ንጉሥ ለወታደር የሰጠው ስም ነው” ይል ነበር። ጎረቤቴ ዜኖን ፖላንድ ላለው፣ አባቴ ለተጠመቀበት ደብር ትርጉሙን ጠይቆ ጽፎልኛል። መልስ የለም።

ኦክቶበር 20
ልጄ ኤድቪዥ ትዝ አለችኝ። የዛሬ ስድስት ዓመት፣ ወጥ ቤቴ ቆማ፣ ሆዷ ገፍቶ።
“አባዬ፣ ሕጉ ይፈቅዳል። የሚወለደው በእኛ ስም ይጠራ። ባለቤቴም እሺ ብሏል።”
እኔ ምን አልኩ? “ስም በሴት አይተላለፍም። ምጽዋት አልፈልግም።”
ካፖርቷን ሳትቆልፍ ወጣች። ሴት ወለደች... ማቲልድ። በአባቷ ስም። አንድም ቀን አላየኋትም።

ኦክቶበር 27
ደብዳቤው መጣ። ዜኖን እየሳቀ አነበበልኝ።
“ወታደር የለበትም፣ ሽማግሌው። ፖድሊፓ የእርሻ ስም ነው። ከሊንደን ዛፍ ሥር ያለ ቤት።”
“ቤቱ የእኛ ነበራ።”
“አግኔሽካ የምትባል ሴት ቤት ነበር። የአያትህ አያት የቀን ሠራተኛ ነው። አገባትና እሷ ቤት ገባ። እዚያ ሰፈር ወንድ በገባበት ቤት ስም ነው የሚጠራው። የድሮ ስሙን ቄሱ መዝገቡ ላይ ሰርዞታል።”
“ድገመው።”
“ሦስቴ አነበብኩልህ እኮ። አንተ ግትር፣ ስምህን ያገኘኸው ከሴት ነው።”
ሾርባዬ ቀዘቀዘ። አልበላሁም።

ኦክቶበር 28
ለድንጋይ ቀራጩ ደወልኩ። ቆይ አልኩት።
ስድስት ዓመት... ለምን?

ኖቬምበር 1፣ የቅዱሳን ሁሉ ቀን
በየዓመቱ በዚህ ቀን ኤድቪዥ ጠዋት ለእናቷ አበባ ታኖራለች። እኔ እንዳንገናኝ ከሰዓት እሄዳለሁ፣ ሻማ ይዤ። ዛሬ ጠዋት ሄድኩ።
ልጅቷን ይዛ ቆማለች።
“ሰዓት ተሳሳትክ፣ አባዬ?”
“አልተሳሳትኩም።” ደብዳቤውን ሰጠኋት። ፖላንድኛ እናቷ አስተምራታለች። ቆማ አነበበች፤ አጠፈችው።
“ታዲያ ምን ልበልህ?”
“አንቺ ምንም። የምለው እኔ ነኝ።” ግን ይቅርታውን ሳልል ሻማዬን አወጣሁ። ክብሪት ጫርኩ፤ ነፋሱ አጠፋው። ማቲልድ ነፋሱን በመዳፏ ከለለችልኝ።
“እማ፣ ይሄ ሰውዬ ማነው?”
“ራሱን ጠይቂው።”
“የእናትሽ አባት ነኝ” አልኩ።
እሁድ ቤት ኑ አልኳቸው። ኤድቪዥ “እናያለን” አለች። እምቢ አላለችም።
ያለብኝ ዕዳ፣ ማንም እንዲከፍልልኝ የማልፈልገው... ለኤድቪዥ ይቅርታ፣ እዚያው ወጥ ቤት፣ ያንን በተናገርኩበት ቦታ ቆሜ። ለባሏ ያልጨበጥኩት እጅ። ለአግኔሽካ አንድ ሻማ። ለማቲልድ ያመለጡኝ የልደት ቀኖች ሁሉ።