የታጠበችው ጥንቸል

ንጽሕና ወዳዱ ወንድሜ፣

ልጅህ ስትወድቅ እብጠቷ ላይ አቀዝቅዘን እንድናስቀምጥላት የሰፋኋትን የጨርቅ ጥንቸል ሙልጭ አድርገህ ስላጠብክልኝ እጅህ ይባረክ። ሆዷን የሞላሁት በጥሬ ሩዝ መሆኑን ነግሬህ ነበር። ይኸው ላበጠ ግንባር የሰፋኋት እሷው አብጣ አረፈችው፤ ስፌቷም ተተረተረ።

አዲስ ሆድ ሰፍቼላታለሁ። ፍሪዘር ውስጥ ናት።
ውኃ እንዳታሳያት።
ቆሽሻ ካየሃት ዓይንህን ጨፍን።

ትናንት በልጅህ ፊት የጮህኩብህን ግን...
ተወው።

ጠዋት አንተ ከወጣህ በኋላ ልጅህ ጥንቸሏን ከፍሪዘር አውጥታ መጣችና፣ «አክስቴ፣ ትናንት ስትጮሂበት አባዬን የቱ ጋ ነው ያመመው? ላስቀምጥለት» አለችኝ።

«ማታ ሲገባ ራሱን ጠይቂው» አልኳት። ስትገባ አንተው አሳያት።

እህትህ