ቁጥር የተጻፈበት ቅጽ

ታዝማኒያ፣ ኦክቶበር 16 ቀን 2017

ውድ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ኦፕራሲዮን የሆንከው ቦታ ሙሉ በሙሉ ሻረልህ? አልዶስ ደኅና ነው? እኛ ደኅና ነን። ዝናቡ ግን አላባራ ብሎ ከብቶቹ ጭቃ ውስጥ ናቸው፤ አባባም ጉልበቱን እያመመው ማለብ ካቆመ ወር ሊሞላው ነው። ሁሉም ነገር እኔ ላይ ወደቀ ልልህ አልነበረም፤ ይኸው አልኩህ።

መንግሥት በፖስታ የላከው ያ ቅጽ ለእናንተም ደርሷችሁ ይሆናል። ተመሳሳይ ጾታ ያላቸው ሰዎች መጋባት እንዲችሉ ሕጉ ይለወጥ ወይ ብሎ፣ “አዎ” እና “አይ” የሚሉ ሁለት ሳጥኖች ያለው። እዚህ ሌላ ወሬ የለም። የወተት አቅራቢዎች ስብሰባ ላይ ጎረቤታችን ክላይቭ ሰው ሁሉ እየሰማ “እህሳ ሽማግሌው! ቬሎ የሚለብሰው ያንተ ልጅ ነው ወይስ ያኛው?” ብሎ አሳቀበት። አባባ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሥቶ ወጣ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አብራችሁ ስትኖሩ አልዶን “ተከራዩ” እያለ አይደል የኖረው?

ማክሰኞ ዕለት ቅጹን ይዞ ወጥ ቤት ገባና “አንቺ፣ እስቲ እዪልኝ፣ ልክ ነው?” አለኝ። ልክ ተወዳዳሪዎቹን 1፣ 2፣ 3 እያልን እንደምናስቀምጥበት የምርጫ ወረቀት ሳጥኖቹን በተራ ቁጥር ሞልቷቸዋል! አንዱ ላይ 1፣ ሌላው ላይ 2። ምልክት ብቻ እንደሚበቃ ስነግረው “ስድሳ ዓመት ቁጥር ስጽፍ ኖሬ ዛሬ ምልክት? ሁለተኛ ምርጫ የሌለው ደግሞ ምን ምርጫ ነው!” ብሎ ጮኸብኝ። ሳቄ መጣ። ከዚያ 1 የት እንዳለ አየሁ። “አዎ” ላይ ነበር።

ምነው ስለው ቁጭ አለ። “ወንድምሽ ሆስፒታል በገባ ጊዜ” አለኝ፣ “ያን ሰውዬ ዘመድ አይደለህም ብለው በር ላይ አቁመው እዚህ ድረስ ለእኔ ደወሉልኝ። ልጅህ የማይስማማው መድኃኒት አለ ወይ ይሉኛል። እኔ ምን አውቄ? የሚያውቀው እኮ በሩ ላይ ቆሟል! ልጄ ቢሞት በእኔ አለማወቅ ነበር የሚሞተው።” ቀጥሎም “ስሙ አልዶ ነው” አለኝ፣ የማላውቀው ይመስል። እኔ አለቀስኩ፤ እሱ ግን ብስኩት ይፈልግ ጀመር።

ሌላ ቅጽ እንዲላክለት ደወልኩ። ሴትዮዋ እሺ ካለችኝ በኋላ፣ ቀድሞ የተላከ ቅጽስ ማስመለስ ይቻል እንደሆነ ጠየቅኳት። “የአባትሽ?” አለችኝ። የእሱ አይደለም አልኳት። “የገባ ገብቷል፣ የኔ እመቤት” አለችኝ።

ስለዚህ እኔ የቱን ሳጥን እንደመረጥኩ አትጠይቀኝ። ቅጹ የመጣ ቀን ሁለት ላሞች በአንድ ጊዜ ምጥ ይዟቸው፣ እኔ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ውስጥ ነበርኩ። አንተ ሜልበርን ነህ። ጥለኸኝ በመሄድህ ተናድጄብህ ነበር፤ እንደተናደድኩ ሞልቼ፣ እንደተናደድኩ ፖስታ ሳጥን ከተትኩት። ንዴቱ ሳምንት እንኳ አልቆየም።

አዲሱ ዓርብ ዕለት ደረሰ። አባባ አንዲት ምልክት አደረገና በዚያ ጉልበቱ እያነከሰ ራሱ ወስዶ ፖስታ ከተተው። ለገና ሁለታችሁም ኑ ብሏል። ያንተ አልጋ ስለምትጠብባችሁ የእሱን ሰፊውን እንዳነጥፍላችሁ አዞኛል።

ኑልኝ። ለሁለታችሁም ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጣችሁ።

ቸኩላ የላከችው እህትህ