በመናፈሻዎ ውስጥ አለመሞቴ እንዲመሰከርልኝ ስለመጠየቅ

ለተከበሩ ኦቦ ሞረዳ
የ“ወርቃማ መጋረጃ” የፊልም መዝናኛ መናፈሻ ሥራ አስኪያጅ
ነቀምቴ

ክቡር ሆይ፣ አካም ጂርቱ? ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ከብቶችዎ፣ ከሲሚንቶ የተሠራው ዳይኖሰርዎስ እንዴት ከረሙ? እኔ በሕይወት አለሁ። ይህን ቀድሜ የጻፍኩት ለወግ ያህል ሳይሆን፣ ጉዳዬ ራሱ እሱ ስለሆነ ነው።

ስሜ ባሕሩ ይመር ይባላል፤ ከመናፈሻዎ በታች ባለው ሰፈር የምኖር የበርና የመስኮት በያጅ ነኝ። ይህን ደብዳቤ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አራት ነጥብ በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ። እስከ አምና ድረስ የበር ልክ የምይዘው እንጨት ላይ ጭረት እያደረግሁ ነበር፤ ዘንድሮ ግን የማታውን ትምህርት ከአሥራ አንዳችን አንደኛ ሆኜ ጨርሻለሁ። መምህርታችን ደረጃ አላወጣችም፤ እኔ ግን የሌሎቹን ደብተር አይቻለሁ። ደብዳቤውን በማንበብ በኩል ችግር የሚገጥምዎ ከሆነ የማታው ክፍል ምዝገባ አሁንም ክፍት ስለሆነ፣ ስምዎን አስመዘግብልዎ ዘንድ ደስተኛ ነኝ።

ቤታችን እንግዳ አለች። ኔማ ትባላለች፤ ከታንዛኒያ በልውውጥ ለአንድ መንፈቅ የመጣች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስትሆን፣ ከልጄ ከፌኔት ጋር አብረው ይማራሉ። ይህች ልጅ “የፊልም ዓለም በነቀምቴ” የሚለውን ማስታወቂያዎን አይታ ስላመነች፣ ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ከፌኔትና ከክፍል ጓደኛቸው ከሮቤራ ጋር ወደ እርስዎ ዘንድ ልትመጣ ተነሣች። እኔም እንግዳ ያለ አባወራ አይላክም ብዬ ተከተልኳቸው፤ እውነቱን ለመናገር ግን የመጣሁት ግድግዳዎ ላይ የተጻፈውን ሁሉ ሰው እየሰማኝ ላነብ ነው። በዚያ ቀን ስለተደረገልን መስተንግዶ ምስጋናዬን እንደሚከተለው በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ/ ስለ በሩ። ዘበኛዎ ኦቦ ዋቅወያ ኔማን ከላይ እስከ ታች ከተመለከቷት በኋላ፣ የውጭ ዜጋ ወደ ቀረጻ ቦታ የሚገባው የድጋፍ ደብዳቤ ሲይዝ ነው አሉ። ከማን ተብለው ሲጠየቁ “ከሚመለከተው አካል” አሉ፤ የሚመለከተው አካል ማን እንደሆነ ግን እሳቸውም አያውቁትም። ስለዚህ ከፌኔት ደብተር አንድ ወረቀት ቀድጄ፣ ጉልበቴ ላይ አስደግፌ፣ “ይህች ልጅ ጨዋ ናት፤ ትግባ” ብዬ ጽፌ ፈረምኩበት። ኦቦ ዋቅወያም ወረቀቱን ዘቅዝቀው ይዘው ለረጅም ጊዜ ካጠኑት በኋላ፣ ነገሩ የተሟላ ነው ብለው አስገቡን። እንዲህ ያለ ጥብቅ አሠራር ስለዘረጉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

፪ኛ/ ስለ ትዕይንቶቹ። የዳይኖሰሩ ጭራ በባሕር ዛፍ ቋሚ የተደገፈ ሲሆን፣ የአንገቱን ብየዳ ማን እንደሠራው አልጠይቅም፤ እኔ አለመሆኔን ግን ከሩቅ ለሚያየውም ግልጽ ነው። በቆርቆሮው የጠፈር መርከብ ውስጥ አንዲት ዶሮ እንቁላል ታቅፋለች። ኔማ ፎቶ አንሥታታለች፤ በዕለቱ ካየናቸው ተዋንያን ሁሉ ሥራዋን ጠንቅቃ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች።

፫ኛ/ ስለ ሞቴ።

“የሆስፒታል ድራማ” ወደሚባለው አዳራሽ በገባን ጊዜ፣ ቤት ውስጥ ጥቁር መነጽር የሚያደርገው ዳይሬክተርዎ የተጠቀለሉ ወረቀቶች በባርኔጣ አቀረበልን፤ የወጣልንን ሆነን እንድንጫወት። ለኔማ ሐኪም ወጣላት፤ ለፌኔት ነርስ፤ ለሮቤራ የሟች ወንድም። የእኔን ማንም ሳያግዘኝ አነበብኩት፤ “ሟች” ይላል። ያን ሁሉ ፊደል ተምሬ ሁለት ብቻ ስለደረሰኝ መጠነኛ ቅሬታ ተሰምቶኝ እንደነበር አልደብቅም።

አልጋው ላይ አጋድመው ነጭ አንሶላ ካለበሱኝ በኋላ፣ ቀረጻው እስኪያልቅ ድረስ እንዳልንቀሳቀስ ታዘዝኩ። ዳይሬክተርዎ ነገሩ እውነት እንዲመስል ብሎ ሙሉ ስሜንና ሰፈሬን ጠየቀኝና፣ ድምፁን እንደ ዜና አንባቢ አወፍሮ “ወንድማችን አቶ ባሕሩ ይመር በድንገት ከዚህ ዓለም ተለይተዋል” ሲል በድምፅ ማጉያ አወጀ። ድምፅ ማጉያዎ ግን፣ ክቡር ሆይ፣ አፉን ያዞረው ወደ አዳራሹ ሳይሆን ቁልቁል ወደ ሰፈራችን ነው።

ሰፈራችን ውስጥ ደግሞ ጫንያለው አለ፤ የእድራችን ጡሩምባ ነፊ። በእድራችን ደንብ የሟች ስም ከነአባቱ ከተጠራ ጡሩምባ ነፊ “እስቲ ላጣራ” አይልም፤ ይነፋል። እሱም ሦስት ጊዜ ነፋ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ድንኳኑ ተጭኖ፣ አግዳሚው ወንበር በሰው ትከሻ ላይ ሆኖ፣ ትልቁ ድስት በሁለት ሰው ተይዞ፣ መዘምራኑ ከነኪቦርዳቸው ተጠራርተው ቤቴ ደረሱ። ሬሳ ሲያጡ ዳገቱን ወደ እርስዎ ወጡ። ኦቦ ዋቅወያ እነሱንም የድጋፍ ደብዳቤ ጠይቀዋቸው ነበር ይባላል።

ኔማ የሕዝቡን መንጋጋት ስታይ በትኬቱ ውስጥ የተካተተ ዝግጅት መሰላት። የመናፈሻዎን ችሎታ እያደነቀች ከነነጭ ገዋኗ ወደ ፊት ቀረበችና፣ ፌኔት ለድራማው ብላ በጆሮዋ ሹክ ያለቻትን የአፋን ኦሮሞ ቃል፣ እጆቿን አጣምራ፣ በጥሩ አነጋገር “ዱኤ” አለች፤ ሞቷል ማለት ነው። ከውጭ አገር የመጣ ሐኪም ሞቷል ካለ ነቀምቴ ላይ ይግባኝ የለም። ነገሩ የገባቸው ፌኔትና ሮቤራ “ኧረ ፊልም ነው! ፊልም ነው!” ብለው ቢጮኹም፣ ሐዘን የጸናበት ሰው ምን የማይለው አለ ተብለው በክንዳቸው ተይዘው ተቀመጡ፤ ውኃም ተሰጣቸው።

አንተስ ለምን አልተነሣህም ይሉኝ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሊነሣ ያሰበው እግሬ ተንቀሳቅሶ ነበር፤ ግን በዚያች ቅጽበት የእድራችን ዳኛ ኦቦ ጉደታ “በሩ ጠማማ ቢሆንም ልቡ ቀና ነበር” ብለው ሲያለቅሱ ሰማሁ። ቀጥሎ ሦስት ዓመት አኩርፋኝ የኖረችው ጎረቤቴ አስካለ “ይቅር ብዬሃለሁ ወንድሜ” እያለች ደረቷን ደቃች። ሰው በሕይወቱ ሳለ እንዲህ ያለ ነገር ስንት ጊዜ ይሰማል? ጥቂት ልስማና እነሣለሁ አልኩ፤ ጥቂቱ በዛ። ዳይሬክተርዎም ከካሜራው ጀርባ ሆኖ “እነዚህ አልቃሾች ከየት መጡ? ድንቅ ናቸው!” እያለ ይቀርጽ ነበር።

ያስነሣችኝ እናቴ ወይዘሮ አሰፋች ናት። ልቧ ታሞ ከአልጋ ካልወረደች ሁለት ወር ያለፋትን ሴት፣ ሰው ደግፎ ዳገቱን አወጣት። ሰዎቹ ገለል ሲሉላት ፊቴን አልገለጠችም፤ የገለጠችው እግሬን ነው። አየችኝና “ተዉ፣ አታልቅሱ። ይሄ ልጅ ሲያመሰግኑት የግራ እግሩ አውራ ጣት ይቆማል፤ ይኸው ቆሟል፤ አልሞተም” አለች። በከዘራዋም ጣቴን መታችው። ተነሣሁ። መዘምራኑ ዝማሬው መሀል ላይ ቀሩ፤ አስካለም ይቅርታዋን እዚያው በቆመችበት አንሥታለች።

የእኔን ጥፋት አልሸሽም፤ ተኝቼ ሰምቻለሁ። ለዚህም እድርተኛውን ቤት ለቤት እየዞርኩ ይቅርታ ጠይቄያለሁ፤ ጥፋት የሌለባት ኔማም አብራኝ ዞራለች። ሰዉም ስቆ፣ ሰድቦኝ፣ ሊተወው ተቃርቦ ነበር። ይሁን እንጂ እርስዎ በሚቀጥለው ቅዳሜ ያንን ቀረጻ “የሳምንቱ አስቂኝ ትዕይንት” ብለው በትልቁ መጋረጃ አሳዩት። በየቅዳሜውም ያሳዩታል። ኦቦ ጉደታ በሰባ ዓመታቸው ንፍጣቸውን በጋቢያቸው ሲጠርጉ፣ ትኬት የቆረጠ ሰው ለውዝ እየበላ ይስቃል። የልጅ ልጃቸው ይህንኑ ትምህርት ቤት ሰምታ እያለቀሰች ገባች።

ስለዚህ እድሩ ተሰብስቦ ወሰነ። ኦቦ ጉደታ ተነሥተው የተናገሩትን እንዳለ እጽፍልዎታለሁ፤ “በእንባችን ተነግዷል። የመናፈሻው ኃላፊ ራሱ መጥቶ፣ እዚህ ቆሞ፣ ነገሩ የእሱ መናፈሻ ሥራ እንጂ የባሕሩ ተንኮል አለመሆኑን እስኪናገርና ያንን ፊልም እስኪያጠፋ ድረስ፣ በባሕሩ ቤት ስም ጡሩምባ አይነፋም፤ ድንኳን አይወጣም።” ጭብጨባ ነበረ። ከልቡ ያጨበጨበው ጫንያለው ነው።

እኔ ብሞት ግድ የለኝም፤ አንድ ጊዜ በደንብ ተለቅሶልኛል፤ ድርሻዬን ወስጃለሁ። ያለችብኝ እናቴ ናት። እናቴ ከወሎ በሰፈራ አንገር ጉቲን በመጣችበት ዓመት፣ ሁለት ታላላቆቼን በአንድ ሳምንት በወባ ቀብራለች። የዚያን ጊዜ ቀባሪው ከቆፋሪው አይበልጥም ነበር፤ የሚያለቅስ እንኳ አቅም አልነበረውም። ነቀምቴ ስንገባ ገና ምጣድ ሳትገዛ እድር የገባችው ለዚህ ነው። ለሠላሳ ዓመት የሌላውን ሰው ለቅሶ አንድ ቀን ሳትቀር ተቀምጣለች፤ ለራሷ የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሙሉ ድንኳን። አሁን ማታ ማታ “ባሕሩ፣ ያ ሰውዬ መጣ ወይ?” ትለኛለች። ያ ሰውዬ እርስዎ ነዎት።

ስለሆነም በታላቅ ትሕትና የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ቀረጻውን ከመጋረጃዎ ያውርዱልን። ሁለተኛ፣ በመጪው እሁድ ከአምልኮ በኋላ እድሩ በሚሰበሰብበት ዋርካ ሥር ይገኙልንና ሁለት ዓረፍተ ነገር ይናገሩ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ከበዛብዎ እኔ እጽፍልዎታለሁ፤ እርስዎ ያነቡታል። ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ “ስብሰባ ላይ ናቸው” ተብያለሁ። በመስኮቱ ያየሁዎት ዳይኖሰሩን የሚመስል ኬክ ሲቆርሱ ስለነበር፣ ስብሰባው ከባድ እንደነበር ተረድቼ በጸጥታ ተመልሻለሁ።

መናፈሻዎ እንዲሰፋ፣ ጭራው እንዲጠገን፣ ዶሮዋም በሰላም እንድትፈለፍል እየተመኘሁ፣ አክብሮቴን ከወገቤ ጎንበስ ብዬ አቀርባለሁ።

በመናፈሻዎ ሰነድ መሠረት ሟች፣ በቀበሌው መዝገብ መሠረት ነዋሪ፣
ባሕሩ ይመር (ራሴ የፈረምኩት)

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ለእናቴ ሳነብላት አንድ ቃል ጨምር አለችኝ። እሁድ እርስዎ ካልመጡ እሷ ልትመጣልዎ ወስናለች። “አልጋ አለው፤ አንሶላ አለው፤ ሰፈሩን በአንድ ጊዜ የሚጠራ ድምፅ ማጉያ አለው፤ ጣሪያውም ከድንኳን ይሰፋል። እዚያው ሄጄ እሞትበታለሁ” ብላለች። ኔማ ከእሁዱ ቀጥሎ ላለው ቅዳሜ ትኬቷን ቆርጣላታለች። እናቴ ግን ተዋናይ አለመሆኗን አስቀድሜ ላሳውቅዎ እወዳለሁ፤ አንዴ ከተኛች፣ ቀረጻው አልቋል ብትሏት የምትነሣ ሴት አይደለችም።