«ከትናንት እንዴት ነዎት?»

ሰኞ
ዛሬም «ቤተር!» አሉ። አባባ ልባቸውን ታመው ከሆስፒታል ከወጡ ወዲህ የሆስፒታሉ ነርስ በየቀኑ ደውላ በእንግሊዝኛ ከትናንት እንዴት እንደሆኑ ትጠይቃቸዋለች። መልሱን ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። እንግሊዝኛ ክፍል የተማርኩትን ማወዳደሪያ እራት ላይ አስጠናኋቸው። ጉድ፣ ቤተር፣ ቤስት፤ ወዲያው ያዙት። ባድ፣ ወርስ፣ ወርስት ስል ግን «ይሄን ለራስሽ ያዢው» አሉኝ። ሳቅሁ።

ማክሰኞ
ነጠላ ጫማቸው አልገባ አላቸው። «ጫማው ጠቦ ነው» ይላሉ። ጫማ ይጠባል እንዴ? የቤት ሥራዬን የሠራሁት እግራቸውን እያየሁ ነው፦ የዛሬው እግር ከትናንቱ ይበልጣል። እንግሊዝኛው ትክክል ነው። ደስ ግን አላለኝም።

ረቡዕ
ከሥራ፣ ከኦበርን መጋዘን ስመለስ ሶፋ ላይ እንደተቀመጡ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ጋደም ሲሉ ያፍናቸዋል ለካ! ለነርሷ ለምን አልነገሯትም ብላቸው «ሰው እንዴት ነህ ካለ መልሱ ተመስገን ነው» አሉ። እኔም ያደግሁት እንደዚያው ነው። «አባባ፣ እሷ እኮ ሰላምታ አይደለም የምትጠይቀው፤ መድኃኒትዎን የምትለካበት ነው» አልኳቸው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያሉ ጎረቤቱን ሁሉ ይመክሩ የነበሩት እሳቸው ነበሩ። ፈራሁ።

ሐሙስ
ጭራሽ ብሶባቸው አደረ። ዓረፍተ ነገር ሳይጨርሱ ትንፋሻቸው ይቆረጣል። ነርሷ ደወለች። «ቤተር» አሏት፤ በሹክሹክታ። እሷም ደስ ብሏት፣ እንዲህ ከሆነ የሚያሸናቸውን ኪኒን ሐኪሙ እንዲቀንስላቸው እጠይቃለሁ አለች። ስልኩን ነጠቅኳቸው። «ኖ! ወርስ! ወርስ ዛን የስተርደይ!» አሁኑኑ ናይን ዋን ዋን ኮል አድርጊ አለችኝ።

አባባ ትክ ብለው አዩኝ። «በአፍሽ አሟረትሽብኝ።» አምቡላንሱ መጣ።

ዓርብ
ሆስፒታል ነን። ሳንባቸው ውሃ ቋጥሮ ነበር። ሐኪሙ በጊዜ ደረሳችሁ አለኝ፤ እኔ ጆሮ ላይ የቀረው ግን «አሟረትሽብኝ» ነው። ስገባ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። አንድ ነገር ቢሆኑ ያቺን ቃል ይዘውብኝ ነው የሚሄዱት።

አሁን የዚህ ክፍል ነርስ ገብታ ከትናንት እንዴት እንደሆኑ ጠየቀቻቸው። መጀመሪያ እኔን አዩ። ከዚያ «ቤተር» አሉ። ነርሷ ጻፈች።

እሷ ስትወጣ ብርድ ልብሱን ገልጬ እግራቸውን አየሁ። ከትናንት ያነሰ መሰለኝ። እንዲያንስ ስለፈለግሁ ይሆን? አላውቅም።